ይቅደሙ

ፋርማሲስቱ የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ከሆነ ጀምሮ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ወንበሯ አንድ እግሯ አጠር ስለሚል ማንም አይሻማትም። እሱ ግን ስብሰባ ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሞ ሹልክ ለማለት ስለምትመቸው ይወዳታል። ፖለቲካ ውስጥ የከተተው አብሮ አደጉ ሽቦ ነው። ሽቦ ስሙን ያገኘው በልጅነቱ ከቅጥነቱ የተነሳ ነበር፤ አሁን ቦርጩ ከጠረጴዛ ጋር ቢጋፋም ስሙ አልለቀቀውም። «ናማ አንተ ድዳ፣ አንድ የማይከዳኝ ሰው ከጎኔ ያስፈልገኛል» ብሎ ጎትቶ አስገባው። በዝምታው ድዳ የተባለው ፋርማሲስት ገባ። እጅ ይውጣ ሲባል እጁን እያወጣ፣ ሲጨበጨብ እያጨበጨበ፣ ሲያልቅ ወደ መድኃኒት ቤቱ እየሮጠ ዓመታት አለፉ።

ያን ሰሞን ሊቀመንበሩ በሕመም ምክንያት ከኃላፊነታቸው ተነስተው ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ኮሚቴው በቦታቸው የሚተካውን ሰው መምረጥና ለጉባኤው ማቅረብ አለበት። ወንበሩን የፈለጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠበቃ ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ካልደበደበ ሐሳቡ አይመጣለትም። ሁለተኛው የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ሳይናገር የሰው ትከሻ እያቀፈ ነው የሚያሳምን። ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን የሌላውን ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሷል።

የመጨረሻው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ነበር። ክፍሉ ታፍኗል። ጠበቃው ሲናገር መብራት ሄደና ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ፋርማሲስቱ ያኔ ቀልቡ ወደ ሱቁ በረረ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ኢንሱሊን አለ፤ የምታግዘው ልጅ ደግሞ ዛሬ ፈቃድ ወጥታለች። በረዶ ከየት ላምጣ፣ ሥጋ ሻጩ ጎረቤቴ አያጣም ይሆን፣ እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። ቀና ሲል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሁሉም እሱን ያያሉ።

«ይቅርታ፣ ምን ተባለ?» አለ።

ጠበቃው ጠረጴዛውን ሊመታ ያነሳው እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል። ተቋራጩ አንድ ነገር አሁን ገና እንደገባው ሰው ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲህ ይህ ካለቀ እንነሳ» አሉ።

ምን እንዳለቀ የገባው ነገር የለም። እንደልማዱ ተነስቶ ወደ በሩ ዞረ። ሌላ ጊዜ ከኋላው የወንበር መንኳኳትና ጫጫታ ይከተለው ነበር። አሁን ግን ሁሉም በየቦታቸው ቆመዋል እንጂ የሚንቀሳቀስ የለም። ሽቦ ቀድሞት በሩን ከፍቶ ይዟል።

«ይቅደሙ» አለው።

ፋርማሲስቱ ሳቀ። «ምን ሆነሃል አንተ? ሙቀቱ ናላህን አዞረው?»

ሽቦ አልሳቀም። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ፋርማሲስቱ ደረጃውን ወርዶ ግማሽ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ሁሉም በሩ ላይ ተኮልኩለው፣ እሱ ወርዶ እስኪጨርስ እየጠበቁ ነበር።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ፈተና ስታርም ፊቷ እንደ ዳኛ ይኮሳተራል። ይህን ስትሰማ ግን እስክሪብቶዋን ጥላ በሳቅ ፈረሰች።

«የሽቦ ነገር! ነገ ደግሞ ጫማህን ካልጠረግኩ ይልሃል።»

«እናንተ ልጆች፣» አለች እናቱ ከክፍሏ፣ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? እኔንም አስቁኝ እንጂ።»

እናቱ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ሰውን የምትለየው በድምፁና በእርምጃው ነው። ልጇ በሩን ሲከፍት ገና ኮቴውን ሰምታ «መጣህ?» ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ያን ምሽት ሦስቱም ሽቦን እያነሱ ሲስቁ አመሹ።

በማግስቱ ጠበቃው መድኃኒት ቤቱ መጣ። ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ገለል አሉለት፤ እሱ ግን አልቀደመም፤ ተራው እስኪደርስ ኮፍያውን ይዞ ቆመ። ሲደርስ የጉሮሮ ከረሜላ ጠየቀ።

«ጉሮሮህን አመመህ?» አለው ፋርማሲስቱ።

«ምንም አላመመኝም። ራሴን ማግለሌን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ከእርስዎ ጋር አልወዳደርም።»

«ከእኔ ጋር? እኔ መቼ ተወዳደርኩ?»

ጠበቃው ከረሜላውን ኪሱ ከተተ። «ልክ ነዎት» ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

ተቋራጩ የመጣው ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። ፋሻ ገዛ። ያለወትሮው የማንንም ትከሻ አላቀፈም፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ «ራሴን ማግለሌን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ከእርስዎ ጋር አልወዳደርም» አለ። ቃሉ ከጠበቃው ቃል አንዲት ፊደል አልጎደለም። የድምፁ አወራረድ ሳይቀር ያው ነው።

ፋርማሲስቱ ባንኮኒውን ዞሮ ወጣ። «ተማክራችሁ ነው? ከጠበቃው ጋር ሆናችሁ ልታሾፉብኝ ነው?»

«ከእሱ ጋር ሰላምታ ካቆምን ወር አለፈን።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?»

ተቋራጩ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። «ማንም» አለ በመጨረሻ። «ማንም አላለኝም። ዝም ብዬ አወቅሁት እንጂ።» ያን ጊዜ ፊቱ ላይ እንደ ፍርሃት ያለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ፋሻውን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ጉንፋን ነበር የተዛመተው። ጋዜጣ ሻጩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ሁልጊዜ በዋጋ የምትጨቃጨቀው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለት ጀመር። እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል። ሲወጣ ይቀጥላል። ሽቦ ጋ ሲደውል ሽቦ ስልኩን ያነሳና «ምን ልታዘዝ?» ይላል። «ስማ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ድዳው» ቢለው በስልኩ ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ግን ይህ ሁሉ ደጅ ነው። ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ነገሩ እዚያው ውጭ ይቀር ነበር፤ እስከዚያች ጠዋት ድረስ።

ሚስቱ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ትጣደፋለች። እሱ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው። ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ሰምቶ አፉን ከፍቷል። ሚስቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በአጠገቡ ስታልፍ፣

«ሻይዎ ቀዘቀዘ» አለችው።

ሬዲዮውን ዘጋው። «ምን አልሽ?»

«ሻይዎ ቀዘቀዘ አልኩ። ላሙቅልዎ?»

መጀመሪያ እየቀለደች መሰለው። ፊቷን አየ። የቀልድ ፊት አይደለም፤ ተማሪዎች ሲያረፍዱባት የምታሳየው የችኮላ ፊት ነው። ምን እንዳለች አልታወቃትም።

«እንደሱ አትበይኝ» አላት።

«ምን አልኩ?»

«እርስዎ አልሽኝ።»

ቆም አለች። ግራ ገባት። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከፊቱ ተቀመጠች። ይህች ሴት ገና ሲተዋወቁ፣ ሻንጣዋን እግሩ ላይ ጥላበት «አንተ ሰውዬ፣ መንገድ ላይ እግርህን ዘርግተህ ነው የምትቆም?» ብላ የተቆጣችው ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጣሉም ሲታረቁም፣ ልጅ ወልደው ሲቀብሩም፣ አንተ እንዳለችው ነው።

«በይ አንተ በይኝ» አላት። «አንዴ ብቻ።»

አፏን ከፈተች። «አን…» አለችና ትን እንዳላት ሁሉ አሳላት። ውኃ ጠጥታ ደግማ ሞከረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጉሮሮዋን ይዛ አየችው። ዓይኗ ሞላ።

«ምን አደረግኩ?» አለች። «ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ።»

እጇን ሊይዝ ተነስቶ እጁን ሰደደ። እሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ ቆመች፤ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚነሳው። ሁለቱም እንዲያ እንደቆሙ የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ። ዕንባዋን ጠርጋ ሄደች።

እሱ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። እናቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክር ትፈትላለች። «አንተ ልጅ፣ ምነው እርምጃህ ከበደ? ጫማ ቀየርክ?» አለችው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። «አንተ» ስትለው እየሰማ ብዙ ቆየ፤ ሱቁንም ያን ቀን አርፍዶ ነው የከፈተው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሄደ። በቃ፣ ራሴን አገልላለሁ፣ ከኮሚቴውም እወጣለሁ ሊል ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፈጣንና ለማንም የማትመለስ ሴት ናት፤ ሌላ ጊዜ ሲገባ ቀና ብላ እንኳ አታየውም። አሁን ከወንበሯ ተነስታ ጠበቀችው።

«ተሳስታችኋል» አላት። «እኔ ዕጩ አይደለሁም። ማን ነው የጠቆመኝ? ስሙን ንገሪኝ።»

«ማንም አልጠቆመዎትም።»

«እሺ፣ ካልተጠቆምኩ ቀረ ማለት ነው።»

«አዎ» አለች፣ በእርጋታ። «እንደዚያ ከሆነማ መሰረዝ የሚቻል ነገር የለም። ያልተጠቆመ ሰው ራሱን ከምን ያገላል?»

ከጀርባዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቀድሞው ሊቀመንበር ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ክፈፍ አለ። ፋርማሲስቱ ቀረብ ብሎ አየ። የራሱ ፊት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከረባት አስሯል፤ ዓይኖቹ ከካሜራው አለፍ ብለው ሩቅ ያያሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቱ ተነስቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ከረባትም የለውም። የፎቶው ሰው ቢያንስ ጥቂት ዓመታት በምቾት የኖረ፣ ከእሱ ይልቅ የጠገበ ሰው ነው። ጠጉሩ እሱ በሚከፍልበት ጎን ሳይሆን በሌላው ተከፍሏል።

«ይህን መቼ ነው ያነሳችሁኝ?»

«እዚህ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ያለ ነው» አለች። ከዚያ ያለችውን ነገር ራሷ ሰምታ ይመስል ድንገት ጠረጴዛዋ ላይ ያለ ወረቀት መደርደር ጀመረች።

ያኔ ነው የቀድሞው ሊቀመንበር ትዝ ያሉት።

ሊቀመንበሩ ከከተማው ዳር፣ በታናሽ እህታቸው ቤት ነበር የሚኖሩት። ፋርማሲስቱ እሳቸውን ከመድረክ በታች ሆኖ ካልሆነ በቅርብ አይቷቸው አያውቅም። ሁልጊዜ ከፊትና ከኋላቸው ሰው ነበር። አሁን በሩ ላይ ጠባቂ የለም። እህታቸው እጇ ሳሙና እንደሆነ ከፈተችና እንግዳውን ስታይ ጎንበስ ብላ አሳለፈችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ጮኸች።

«አንተ! እንግዳ መጥቶልሃል። ያን ባልዲ አስቀምጥና እጅህን ታጠብ።»

ፋርማሲስቱ ክው አለ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከአትክልቱ መሃል ብቅ አሉ። ጉንጫቸው ፀሐይ ነክቶት ቀልቷል፤ የታመመ ሰው አይመስሉም። ፋርማሲስቱ እንደሚገባው እጅ ነስቶ፣ በመንገድ ላይ ያዘጋጀውን ሰላምታ ሊል አፉን ከፈተ።

«እንዴት ነህ?» አለ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሊያርም ሞከረ፤ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ተቀርቅሮ እንቢ አለው፤ የሚስቱን ሳል ራሱ ሳለ። አሁን ገባው። እሷ ምንም አላጠፋችም ነበር።

ሽማግሌው ግን ከት ብሎ ሳቀ። «አትጨነቅ፣ ተቀመጥ» አለው። «አንተ መባል እንዴት እንደሚጣፍጥ ባወቅክ። ተቀመጥ ልጄ።»

ተቀመጠ። ከእናቱ ሌላ አንተ የሚለው ሰው በማግኘቱ አፉ ተፈታ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው። ሽማግሌው በመካከል አላቋረጠውም፤ እግሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ እየላጠ ሰማ።

«እኔም አልተወዳደርኩም ነበር» አለ ሲጨርስ። «መንገድ ቀያሽ ነበርኩ፤ በስብሰባ መሃል እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሁሉም ያዩኛል።»

«ማን ነው የመረጠህ ታዲያ?»

«ስንቱን ጠየቅኩ መሰለህ። ሁሉም ሌላ ሰው የመረጠኝ ነው የሚመስላቸው። እነሱ የተስማሙት በሌላው መስማማት ነው። ሌላው ደግሞ በእነሱ።»

«እንዴት ወጣህ?»

«አልወጣሁም። አንድ ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ ገብቼ ሾፌሬን እንሂድ አልኩት። በመስታወቱ አየኝና ‹አንተ ማነህ? ውረድ› አለኝ። ወረድኩ። በእግሬ እዚህ መጣሁ። እህቴ በሩን ከፍታ ‹የት ጠፍተህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን?› አለችኝ። ያን ዘመን በየሳምንቱ እመጣ ነበር እኮ። በአጃቢ፣ በመኪና። እሷ ግን አንድ ቀን አላየችኝም።»

ፋርማሲስቱ አንገቱን ደፋ። «እምቢ ብልስ?»

«በል። እኔም ብያለሁ።» ሽማግሌው ባልዲውን ይዞ ተነሳ። «አንድ ነገር ልምከርህ። የሚያስፈራው መጀመሪያው አይደለም። የሚያስፈራው አንድ ቀን አንዱ ተሳስቶ አንተ ሲልህ የምትቆጣበት ቀን ነው። እኔ ያን ሰውዬ ከሥራ አባረርኩት።»

የጉባኤው ቀን ሚስቱ ልብሱን አዘጋጅታ ጠበቀችው። ከሸሚዙ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ከረባት ተጋድሟል። ከየት አመጣሽው ብሎ አልጠየቃትም። አሰረችለት።

አዳራሹ ሞልቷል። ጠበቃውና ተቋራጩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፋርማሲስቱ ስሙ እስኪጠራ አልጠበቀም፤ መድረኩ ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«ስሙኝ» አለ። «እኔ ዕጩ አይደለሁም። ሊቀመንበር መሆን አልፈልግም፤ አልችልምም። ይህ ስህተት ነው። እባካችሁ ሌላ ሰው ምረጡ።»

ከዚያ ከኋላ ወንበሮች አንድ ጭብጨባ ተነሳና እየሰፋ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። «ትሕትና ማለት ይህ ነው» አለ አንዱ ከፊት መስመር፣ ለጎረቤቱ። ፋርማሲስቱ ጮኸ። «ቀልድ አይደለም፤ አልፈልግም እላችኋለሁ» አለ። ጭብጨባው ባሰ። ሰዎች ተነስተው ቆሙ። ከእንግዶቹ መሃል ሚስቱን አያት፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ታጨበጭባለች። እጆቿ ሊቆሙላት አልቻሉም።

ድምፅ የተሰጠው በምስጢር ነው። ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደሚጽፈው በትልልቁ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እየለየ የጠበቃውን ስም ጻፈ። ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈና ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ቆጣሪዎቹ እየከፈቱ ማንበብ ጀመሩ። የእሱ ስም። የእሱ ስም። ሳጥኑ ባዶ እስኪሆን ሌላ ስም አልተጠራም።

«የኔስ?» አለ። ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ቆጣሪዎቹ ጠረጴዛ ሄደ። ማንም አልከለከለውም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የተቻኮለ ጽሑፍ አለ፤ የተንጋደደ አለ፤ የሽቦን የተንዘረፈፈ የእጅ ጽሑፍ ለየው። ከሥር ገደማ የራሱን አገኘ። በትልልቁ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ተለይቶ፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው የራሱ ስም ነው።

ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠ። ከአዳራሹ ሲወጣ በኮሪደሩ ያለው ሰው ከፊቱ እየተከፈለ መንገዱ ባዶ ይሆንለት ጀመር። በሮች ሳይነካቸው ይከፈታሉ። ነፋሻ ነበር፤ ከአዳራሹ ሙቀት በኋላ ፊቱን ደስ አለው። በሕይወቱ ማንም ሳይጋፋው ሄዶ አያውቅም። ቀና ብሎ እየሄደ መሆኑን ያወቀው ደጅ የሚጠብቀው የሊቀመንበሩ መኪና ጋ ሲደርስ ነው፤ በዚህም ከሁሉ ይልቅ ደነገጠ።

«ወደ ቤት» አለው ሾፌሩን። «ቶሎ።»

ከመኪናው ወርዶ፣ ሚስቱን ሳይጠብቅ፣ በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። በሩን ሲከፍት እናቱ እንዝርቷን አቁማ ጆሮዋን አቀናች። «መጣህ?» አላለችም።

«ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

እናቱ ግድግዳውን ተደግፋ ለመነሳት ታገለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ይቀመጡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ። ቤቱ አልተዘጋጀም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ የለም።»

ጉልበቱ ላይ ወድቆ እጆቿን ያዘ። «እማዬ፣ ድምፄን ስሚው። እኔ ነኝ።» እሷ ግን እንዳይከፋው ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ፣ እጆቿን ከእጁ አወጣች። አሮጊት ሴት ከማታውቀው ትልቅ ሰው እጅ እጇን እንደምታወጣው ነው።

«ጌታዬ፣ ልጄን አይተውት ይሆን?» አለችው። «ዛሬ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ነው የወጣው። እሱ ስብሰባ ላይ አይቆይም ነበር፤ ሹልክ ብሎ ነው የሚመጣ። ምሳም አልበላም።»

«አይቼዋለሁ» አላት። «ደህና ነው። ትንሽ ይቆያል።»

«ተመስገን። ካዩት ይበቃኛል።» ተመልሳ ተቀመጠች። እንግዳ ዝም ብሎ እንዳይሰለቸው አስባ ስለ ልጇ ታጫውተው ጀመር። «ዝምተኛ ስለሆነ የማያስብ ይመስላቸዋል» አለችው። «አይደለም። ልጅ ሳለ አባቱና እኔ ስንጣላ እሱ ከወገነ አንዳችን ይከፋናል ብሎ ዝም ይል ነበር። ዝም ብሎ ሁለታችንንም ያየናል። አባቱ ይህን አይቶ ያለቅስ ነበር። ልጄ ይህን አያውቅም፤ ነግሬው አላውቅም።»

እሱም አያውቅም ነበር። አባቱ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ ሥራው ምንም ቢበዛበት በየሳምንቱ ወደ እናቱ ክፍል ይገባል። ጫማውን እንደ ድሮው አድርጎ መርገጥ ሞክሯል፤ ባዶ እግሩን ገብቶም ሞክሯል። እሷ ተነስታ ትቀበለዋለች፤ ሻይ ታስቀርብለታለች፤ ስለ ልጇ ትጠይቀዋለች። ደህና ነው ይላታል። ሚስቱ ከበሩ ውጭ ቆማ ትሰማለች፤ አንዳንድ ቀን አልጋው ላይ ማዶና ማዶ ተኝተው ሳለ ጨለማው ውስጥ «አን…» ስትል፣ ሲያስላት ይሰማል። አሁንም መሞከሯን አላቆመችም።

በቅርቡ አንድ ቀን፣ መኪናው ደጅ ቆሞ እየጠበቀው፣ እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠጋ አለችው።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት ይሉኛል» አለች። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚያ ያሉትን ሰዎች አንድ ቃል ቢሉልኝ። ልጄ ለእነሱ ምናቸውም አይደል። ይልቀቁትና ይምጣልኝ።»

«እሞክራለሁ» አለ።

«መቼ?» አለችው።

እጁን በበሩ እጀታ ላይ አድርጎ ቆመ። ውጭ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እናቱ ፊቷን ወደ እሱ አቅንታ፣ ቀኑን ልትቆጥር እንደተዘጋጀች ሁሉ፣ መልሱን ትጠብቃለች።